በድብድብ ጌም ልክን ማወቅ፦ የራስን ችሎታ በሐቅ ለመመዘን የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በድብድብ ጌም ተጫዋቾች መካከል ችሎታቸውን አሳስተው የሚነግሩን ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው በሚጫወትበት ቤት የሚያሸንፈው ስለጠፋ ብቻ አቻ የሌለው የሚመስለው ነው። ሌላው ደግሞ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም «ኧረ እኔ ምን ችዬ!» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ትዕቢተኛ፣ ሁለተኛውን ትሑት ማለት ለምደናል። እኔ ግን ሁለቱም ራሳቸውን መዝነው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ነገ ምን መለማመድ እንዳለባቸው ቢጠየቁ በቂ መልስ የላቸውም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስትሪት ፋይተርን፣ ቴከንን ወይም ሌላ የዚህ ዘር ጌም በቁም ነገር ለሚጫወትና ያለበትን ደረጃ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና የተሸነፉበትን ጨዋታ ደግሞ ለማየት የሚሆን ትዕግሥት ነው።

አስቀድሞ አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሳ። በ2004 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደው ኢቮ በተባለው ታላቅ የድብድብ ጌም ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር በስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ ተገናኘ። ዳይጎ የሚጫወትበት ካራክተር (በጌሙ ውስጥ የሚደባደበው ሰው) ኬን ጉልበቱ ተሟጦ ስለነበር የሚመጣውን ምት በተራ መንገድ ቢከላከል እንኳ ያለቀለት ነበር። ጀስቲን በካራክተሩ በቹን ሊ 15 ተከታታይ ምቶች ያሉትን ሱፐር (ልዩ ከባድ ጥቃት) ለቀቀ፤ ዳይጎ ግን እያንዳንዱን ምት በትክክለኛው ቅጽበት አምክኖ በመልሱ ዙሩን አሸነፈ። የዚህን ግጥሚያ ቪዲዮ ያላየ የድብድብ ጌም ተጫዋች ማግኘት ያስቸግራል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የዚያን ውድድር ዋንጫ ዳይጎ አለመውሰዱን ነው፤ በፍጻሜው በኬንጂ ኦባታ ተሸንፏል። ዳይጎ ታላቅ ተጫዋች መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ ሆኖም አንድ አስደናቂ ቅጽበትና የአንድ ውድድር ውጤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኛም ግምት በአብዛኛው የሚሳሳተው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው፤ ያማረልንን አንድ ኮምቦ (የተያያዙ ምቶች) አስታውሰን ያመለጡንን ሃያ ዕድሎች እንረሳለን።

1. ግምትዎን ከመለካትዎ በፊት በጽሑፍ ያስፍሩ

«ጎበዝ ነኝ» ወይም «ደካማ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊፈተን ስለማይችል ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። በምትኩ ሊረጋገጥ ወይም ሊሻር የሚችል ነገር ይጻፉ፦ «ተጋጣሚዬ ከሚዘላቸው ዝላዮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በአየር ላይ መትቼ አወርዳለሁ»፣ «የተከላከልኩትን ሾርዩከን (እየዘለሉ ወደ ላይ የሚመቱት ቡጢ) ሁልጊዜ በሙሉ ኮምቦ እቀጣለሁ»፣ «ውርወራ (ይዞ መጣል) ሲመጣብኝ ከሦስቱ አንዱን አመልጣለሁ»። አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ቀኑንም ከላይ ይጻፉበት።

በጽሑፍ የሚሰፍርበት ምክንያት አለው። ዴቪድ ዳኒንግና ጀስቲን ክሩገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት በፈተና ዝቅተኛውን ሩብ የያዙት ተሳታፊዎች በአማካይ 12ኛው ፐርሰንታይል ላይ (ከመቶ ሰው 12 ያህሉን ብቻ በሚበልጡበት ቦታ) ሆነው ሳለ ራሳቸውን 62ኛው ላይ ገምተው ተገኝተዋል። ከፍተኛውን ሩብ የያዙት ደግሞ በተቃራኒው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የገመቱት። ከዚህ ውጤት ምን ያህሉ የስሌቱ ጠባይ፣ ምን ያህሉ የሰው ጠባይ እንደሆነ ሌሎች ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለእኛ ግን የሚበቃን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ግምት በሁለቱም አቅጣጫ ይስታል። ያልተጻፈ ግምት ደግሞ ውጤቱ ከታየ በኋላ «እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት» ለማለት ስለሚመች መሳሳቱ እንኳ አይታወቅም።

2. የራንክዎን ቁጥር በትክክል ያንብቡ

በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ተጫዋቾችን ከሩኪ ጀምሮ በአይረን፣ በብሮንዝ፣ በሲልቨር፣ በጎልድ፣ በፕላቲነምና በዳይመንድ አድርጎ እስከ ማስተር ይደለድላል። በታችኞቹ ደረጃዎች ተከታታይ ድል ተጨማሪ ነጥብ ስለሚያስገኝ ብዙ የተጫወተ ሰው ብዙ ባይሻሻልም ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ማስተር የደረሰ ካራክተር ደግሞ ከዚያ ወዲያ ቢሸነፍም ከማስተር አይወርድም። ስለዚህ «ማስተር ነኝ» የሚለው ቃል አንድ ቀን ያንን መስመር ማለፍዎን እንጂ ዛሬ ያሉበትን አይናገርም። ዛሬ ያሉበትን የሚናገረው ከ1500 ተነሥቶ በድል የሚጨምረውና በሽንፈት የሚቀንሰው የማስተር ሬት ነው። አንዱ 1200፣ ሌላው 1550 ላይ ያሉ ሁለት ተጫዋቾች በስም አንድ ደረጃ ላይ ቢሆኑም በጨዋታ ግን አይገናኙም።

በውድድር የተገኘን ቦታም እንዲሁ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ውድድሮች ሁለት ጊዜ የተሸነፈ የሚወጣባቸው ናቸው። በ64 ሰው ውድድር «49ኛ ወጣሁ» ማለት አንድም ግጥሚያ ሳያሸንፉ ተመለሱ ማለት ነው፤ «33ኛ» ማለት ደግሞ አንድ ብቻ አሸነፉ ማለት ነው። ይህን የማነሣው ላሳንስዎ አይደለም። በዚያ ድልድል ከ64ቱ 16ቱ የግድ ያለ ድል ይመለሳሉ፤ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ያለ ነው። በ2023 በላስ ቬጋስ በተካሄደው ኢቮ ለስትሪት ፋይተር 6 ብቻ ከ7000 በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ሁለት ጊዜ ተሸንፎ መውጣት የሚያሳፍር አይደለም፤ ቦታውን ከፍ አድርጎ ማውራት ግን ያሳፍራል።

3. ረጅም ግጥሚያ ይጫወቱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን እንዲያነብ እመርጣለሁ።

በአገራችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች የተለመደው ደንብ «ተሸናፊ ይነሣል» ነው። ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ፍትሐዊ ነው፤ ለመማርና ለመመዘን ግን ከዚህ የከፋ ደንብ የለም። የተሸነፈው ሰው በምን እንደተሸነፈ ሳይገባው ጆይስቲኩን ያስረክባል፤ ያሸነፈውም ተጋጣሚው አካሄዱን ቢያውቅበት ኖሮ ምን ይገጥመው እንደነበር ሳያይ በወንበሩ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ሙሉ ቀን ሲያሸንፍ የዋለ ሰው ያረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማያውቁት ሰዎች አስቸጋሪ መሆኑን።

በኦንላይን የሚደረገው አጭር ግጥሚያም ተመሳሳይ ጉድለት አለው። በቁጥር እንየው። አንድ ተጫዋች ከሌላው ጋር ከሚያደርጋቸው 100 ጨዋታዎች 60ውን የሚያሸንፍ ነው እንበል፤ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ግጥሚያው ቀድሞ 2 ያሸነፈ በሚለው ደንብ ከሆነ ግን ደካማው ከመቶ 35 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። ቀድሞ 10 ያሸነፈ በሚለው ከሆነ የደካማው ዕድል ወደ 19 ይወርዳል። ሌላም ስሌት አለ፤ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች 10 ጨዋታ ቢጫወቱ 7 ለ 3 ወይም ከዚያ በሰፋ ውጤት የመለያየታቸው ዕድል አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ጓደኛዎን 7 ለ 3 ስላሸነፉ እበልጠዋለሁ ብለው አይደምድሙ፤ 7 ለ 3 ስለተሸነፉም ተስፋ አይቁረጡ።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ሦስት ሰዎች ይምረጡ፤ አንዱ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፍዎ፣ አንዱ አቻዬ የሚሉት፣ አንዱ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት ይሁን። ከእያንዳንዱ ጋር በተለያየ ቀን ቀድሞ 10 ያሸነፈ በሚል ደንብ ይጫወቱ። ካራክተር አይቀይሩ፣ መካከል ላይ አያቋርጡ፤ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤትም በቅደም ተከተል ይመዝግቡ። ከጠቅላላው ውጤት ይልቅ ቅደም ተከተሉ ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹን 5 አሸንፈው ከዚያ በኋላ የተሸነፉ ከሆነ፣ የሚያሸንፉት በለመዱት ዘዴ ነበር፤ ዘዴው ሲታወቅ የሚተካው ሌላ አልነበረዎትም። መጀመሪያ ተሸንፈው ቆይተው ያንሰራሩ ከሆነ ደግሞ ተጋጣሚን የማንበብ ችሎታ አለዎት፤ ጥናት የሚጎድለው አጀማመርዎ ነው። ሁለቱም ሰዎች በድምሩ 10 ለ 8 ሊሸነፉ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ልምምድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

4. ሪፕሌይዎን ይቁጠሩ

ሪፕሌይ (የተቀረጸ ጨዋታ) ማየትና ሪፕሌይ መቁጠር ይለያያሉ። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ዓይኑ ያማረበትን ቦታ ይፈልጋል። የሚቆጥር ሰው ግን ቀድሞ አንድ ነገር ይመርጣል፣ ሌላውን ሁሉ ይተዋል። ከተሸነፉባቸው ጨዋታዎች ይጀምሩ፤ ከጻፏቸው ግምቶች አንዱን ብቻ ይያዙ።

ዝላይን እንውሰድ። ከአንድ ረጅም ግጥሚያ የተወሰደ ገጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ተጋጣሚው የዘለለው 11 ጊዜ፤ በአየር ላይ ተመትቶ የወደቀው 3፤ ተከላክዬ ያለፍኩት 5፤ የመታኝ 3። ግምቱ «ከግማሽ በላይ አወርዳለሁ» ይል ነበር፤ እውነቱ ግን ከ11 ሦስት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እጄ ዘገምተኛ ነው» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። አይዝጉት። ወደ ስምንቱ ያመለጡ ዝላዮች ይመለሱና በዚያች ቅጽበት እርስዎ ምን እያደረጉ እንደነበር ከጎኑ ይጻፉ። ከስምንቱ በስድስቱ ሃዶከን (ከሩቅ የሚለቀቅ የኃይል ኳስ) በመወርወር ላይ ከነበሩ ችግሩ የእጅ ፍጥነት አይደለም፤ እጅዎ በሥራ ላይ ነበር። ተጋጣሚው የሚዘለው ሃዶከኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅብዎ ነው። መፍትሔውም ሃዶከን የሚወረወርበትን ጊዜ መለዋወጥ እንጂ ትሬኒንግ ሞድ (የጌሙ የልምምድ ክፍል) ገብቶ ሾርዩከን መደጋገም አይሆንም።

ሌላው መቆጠር ያለበት በልምምድና በግጥሚያ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በስትሪት ፋይተር 6 ድራይቭ ኢምፓክት የተባለው ከባድ ምት ከመነሻው እስከሚመታ 26 ፍሬም (የጌሙ ነጠላ ምስል) ይፈጃል፤ ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ ይህ ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት ያነሰ ነው። ለሚጠብቀው ሰው ጊዜው በቂ ነው፤ በትሬኒንግ ሞድ ጌሙ ራሱ የሚያንቀሳቅሰውን ተጋጣሚ በዘፈቀደ እንዲለቀው አድርጎ የሚለማመድ ሰው ከ10 ዘጠኙን በራሱ ድራይቭ ኢምፓክት ሊመልስ ይችላል። በግጥሚያ ላይ ግን ያው ሰው ሃዶከኑን፣ ውርወራውንና የቀረውን ጉልበት ሁሉ አብሮ እያሰበ ነው፤ ቁጥሩም ከዘጠኝ ወደ ሦስት ሊወርድ ይችላል። ችሎታዎ ብለው መመዝገብ ያለብዎት የግጥሚያውን ቁጥር ነው። የልምምዱ ቁጥር የሚያሳየው ሊደርሱበት የሚችሉትን ነው፤ እሱም ይመዝገብ፣ ግን በሌላ ዓምድ።

ቴከን 8 የሚጫወት ሰው ተጨማሪ ዕድል አለው፤ ሪፕሌዩን መካከል ላይ አቁሞ ካራክተሩን ተረክቦ «እዚህ ጋ ሌላ ነገር ባደርግ ኖሮስ?» የሚለውን በተግባር መሞከር ይችላል።

5. ሰበቦችዎን አንድ በአንድ ይፈትኑ

ሰበብ ሁሉ ውሸት ነው የሚሉትን አልደግፍም። ከኢትዮጵያ ሆኖ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ካለ ሰው ጋር የሚጫወት ሰው የኢንተርኔት መዘግየት በእውነት ይጎዳዋል፤ ከኢቮ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ካነን የሠራው ጂጂፒኦ የተባለ ሶፍትዌር መንገዱን የከፈተለት የሮልባክ ዘዴ (የመዘግየትን ጉዳት የሚቀንስ አሠራር) እንኳ ርቀትን አይሽርም። ስለዚህ ሰበብን ከመካድ ይልቅ መፈተን ይሻላል።

«መዘግየቱ ነው» ካሉ ያንኑ ጥፋት ጎን ለጎን ተቀምጠው በተጫወቱበት ቀን ፈጽመው እንደሆነ ይመልከቱ። ከፈጸሙት ሰበቡ ይሰረዝ። «ያ ምት መልስ የለውም» ካሉ የፍሬም ቁጥሩን (ምቱ ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ) ይዩ። በቴከን የተለመደው ፈጣን ቡጢ 10 ፍሬም ይፈጃል፤ ስለዚህ ከተከላከሉት በኋላ ተጋጣሚውን 10 ፍሬም ወይም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ የሚያስቀረው ምት ሁሉ፣ ቡጢው እስከደረሰ ድረስ፣ ቅጣት አለው። ለወራት «ፌር አይደለም» ሲባል የኖረ ምት በሁለት ደቂቃ ፍተሻ መልስ ሲገኝለት ማየት የተለመደ ነው። «የእሱ ካራክተር ይበልጣል» የሚለው ደግሞ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሆኖም በዚያው ካራክተር የሚጫወቱ ሌሎች ሰዎችን የሚያሸንፉ ከሆነ ያሸነፈዎት ሰውየው ነው።

ፈተናውን ያለፈ ሰበብ ሰበብ መባሉ ይቀርና እንደ ሁኔታ ይመዝገብ። ራስን ያለ አግባብ መውቀስም ልኬቱን ያበላሻል።

6. ከለመዱት ክበብ ውጡ

እስካሁን የተለካው ሁሉ ከሚያውቋቸው ሰዎች አንጻር ነው። ክበቡ ራሱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ግን ከውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ በፓኪስታን የላሆር ከተማው የቴከን ተጫዋች አርስላን አሽ ነው። ቪዛ ለማግኘት በሚቸገሩት የፓኪስታን ተጫዋቾች ላይ ዓለም ዓይኑን ባልጣለበት ጊዜ በ2019 መጀመሪያ ኢቮ ጃፓንን፣ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የላስ ቬጋሱን ኢቮ በቴከን 7 አሸነፈ። ከድሉ በኋላ በአገሩ ሌሎችም ብርቱ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። ይህ ንግግር በሌላ ሰው አፍ የጨዋ ትሕትና ብቻ ሊመስል ይችል ነበር። በቴከን ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ኮሪያዊው ኒ ግን ነገሩን በወሬ አልተወውም፤ በዚያው ዓመት ራሱ ፓኪስታን ድረስ ሄዶ ከአገሬው ተጫዋቾች ጋር ተጫወተ፣ በብዙዎቹም ተሸነፈ። አርስላን ስለ ጓደኞቹ የተናገረው በትክክል የተለካ ሐቅ ነበር። የኒ ጉዞ ደግሞ ይበልጥ ይደንቀኛል፤ ከአሥር ዓመት በላይ በአናት ላይ የቆየ ሰው ያላወቀው ነገር እንዳለ ሲሰማ ሻንጣውን ይዞ ተነሣ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር የማይቻል የተባለ ልጅ ከዚህ ሁለት ነገር ሊወስድ ይችላል። ዓለም አያውቀውም ማለት ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ሰፈሩ አይችለውም ማለትም ብርቱ ነው ማለት አይደለም። የሚለየው ሌላ ሰፈር ሄዶ፣ ማንም በማያውቀው ቤት ወረፋ ይዞ ሲጫወት ነው። ጥሩ ኢንተርኔት ያለው በኦንላይን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ረጅም ግጥሚያ ይጠይቅ። ውጭ አገር ያሉ ወንድምና እኅቶች ደግሞ በሚኖሩበት ከተማ ሳምንታዊ ውድድር ካለ ለመሸነፍ ዝግጁ ሆነው ይመዝገቡ።

7. የለኩትን በትክክል ይናገሩ

በባህላችን ምስጋናን ዝም ብሎ መቀበል ነውር ስለሚመስል «ጎበዝ ነህ» ሲባል ማስተባበል ይቀናናል። ለቡና ወሬ ምንም ችግር የለውም። የልምምድ ጓደኛ የሚፈልግ ሰው «ደረጃህ ምን ድረስ ነው?» ሲል ግን «ኧረ ምንም አልችልም» ብሎ መመለስ የተሳሳተ መረጃ መስጠት ነው፤ ጀማሪው አቻውን አገኘሁ ብሎ ተቀምጦ 10 ለ 0 ተሸንፎ ይነሣል፣ ከዚያም እሱ «ምንም አልችልም» ከሚለው ሰው በታች መሆኑን እያሰበ ጌሙን ይተወዋል። በምትኩ እንዲህ ይበሉ፦ «ማስተር ነኝ፣ አሁን 1400 አካባቢ ላይ ነኝ፤ ጥቃት ላይ ደህና ነኝ፣ ዝላይ ማውረድ ላይ ግን ደካማ ነኝ።» እንዲህ የሚናገር ሰው አልተመጻደቀም፣ ራሱንም አላዋረደም።

ሲያሸንፉም «ዕድል ነው» አይበሉ፤ ተሸናፊው ስህተቱን እንዳይፈልግ ያደርገዋል። ይልቅ «ሁለተኛው ዙር ላይ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ስትዘል አይቼ ነው» ቢሉት ይጠቅሙታል። ሲሸነፉ ደግሞ ከሰላምታ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፣ ጥያቄውም የተወሰነ ይሁን፦ «ሁልጊዜ ስነሣ ውርወራ እንደሚመጣ እያወቅኩ ለምን ማምለጥ አቃተኝ?» «እንዴት ልሻሻል?» ለሚለው ማንም ቆሞ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

8. ልኬቱን ይድገሙ

በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ ከአንደኛው እርምጃ ጀምረው እንደገና ይመዝኑ፤ በየቀኑ ማድረግ ግን ስሜት መከታተል እንጂ ልኬት አይደለም። አዲሱን ግምት የድሮውን ገጽ ሳያዩ ይጻፉ፣ ከለኩ በኋላ ያነጻጽሩ። ጌሙ ተሻሽሎ የምቶች ቁጥር ሲቀየር ቀድሞ የተመዘገቡ ቅጣቶችን መልሰው ይፈትሹ። ካራክተር ሲቀይሩም የቀድሞውን ልኬት ይዘው አይሻገሩ፤ ስትሪት ፋይተር 6 ራሱ ለእያንዳንዱ ካራክተር የተለየ ራንክ ይሰጣል፣ ስለዚህ አዲስ ገጽ ገልጠው ዝላይ ከመቁጠር ይጀምሩ።